ሪፖርት ለማንበብ 350 ኪሎ ሜትር?

«ፊት ለፊት ካልተያዩ መግባባት የለም» የሚለውን ባለፈው እትም የወጣ ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው ለስብሰባ መጓዝን ሲያሞግሱ ሂሳቡን ዘለሉት።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሁለት ሰዓት ስብሰባ አንድ ቀን መምጫ፣ አንድ ቀን መመለሻ ይሄዳል። ነዳጁ፣ የሾፌሩና የተሰብሳቢው አበል፣ የመኪናው ጎማ ሁሉ ከመንግሥት ካዝና ይወጣል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በእነዚያ ቀናት ፊርማ ፈልጎ ከገጠር በእግሩ የመጣው ባለጉዳይ ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል፤ ሰኞ ተመለስ» ይባላል። የእሱን ድካም ማን ይከፍለዋል? ጸሐፊው ስለ መተያየት ሲሟገቱ እሱን አላዩትም።

በቪዲዮ መሰብሰብን በተመለከተ «ቴክኖሎጂው ለእኛ ገና ነው» ማለታቸውም ልክ አይደለም። ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት የኔትወርክ መረብ በ1990ዎቹ ሲዘረጋ አንዱ ዓላማው ወረዳዎችን በቪዲዮ ማገናኘት ነበር። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ እውነት ነው። ኔትወርኩ ሲደክም ግን ምስሉን ዘግቶ በድምፅ መቀጠል ይቻላል፤ ድምፅ የሚፈጀው ዳታ እጅግ ያነሰ ነው።

የድልድይ መሠረት ወይም የተበላሸ የውኃ ፓምፕ በስክሪን አይመረመርም፤ ለዚያ መኪናው ይነሳ። ሪፖርት ለማንበብ ግን አይነሳ። ጉዞው የማይቀረው አበሉ ደመወዝ ስለሚደጉም ከሆነ ደግሞ እሱኑ በግልጽ እንነጋገርበት፤ የሠራተኛው ደመወዝ ይስተካከል።