የገቡትን ሳይቆጥሩ የወጡትን ማወደስ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በመላው የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች በተሰጠ ጊዜ፣ ለፈተናው ከተቀመጡት 150,184 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 61,054 ብቻ መሆናቸው እንደ ተሰማ፣ ሰው ሁሉ የመንግሥት ተቋማትን 62 ከመቶ ከግሎቹ 17 ከመቶ ጋር እያነጻጸረ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚመሰገን፣ የትኛው ደግሞ እንደሚወቀስ መፍረድ ያዘ። ፈተናውን አልነቅፍም፤ የሕግ ተማሪዎች ከሌሎቹ ብዙ ዓመት ቀድመው ሲፈተኑት ኖረዋል፣ ማዕርግ የሚቀበል ሰውም ያወቀውን እንዲያስመሰክር መጠየቁ አግባብ ነው። የኔ ሙግት ከፈተናው ጋር ሳይሆን ከስሌቱ ጋር ነው፤ ለፈተና የተቀመጠው እስከ በሩ የደረሰው እንጂ በበሩ የገባው ሁሉ አይደለምና።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ 100 ተማሪዎች ተቀብሎ 40ዎቹን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት አሰናበተ እንበል፤ ከቀሩት 60 መካከል 48ቱ ቢያልፉለት 80 ከመቶ አሳለፍሁ ብሎ በአደባባይ ያውጃል። ሌላው ደግሞ እንዲሁ 100 ተቀብሎ፣ የደከመውን እየደገፈና የወደቀውን እያነሣ 90ውን ለፈተና አብቅቶ 60ው ቢያልፉለት፣ ውጤቱ 67 ከመቶ ተብሎ ከፊተኛው በታች ይጻፋል። ይሁን እንጂ ፊተኛው ለአገር ያበረከተው 48 ምሩቃን፣ ኋለኛው ግን 60 ነው። እንዲህ ያለው ሚዛን መምህሩን ከማስተማር ይልቅ ወደ ማበጠር የሚገፋ በመሆኑ፣ ጐተራ የገባውን ብቻ ሰፍሮ የዘራውን ከማያስታውስ ገበሬ ሒሳብ አይሻልም።

ይህ ነገር ዛሬ በተለይ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ስለ ነበሩ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚያ በኋላ ሬሜዲያል በተባለው የማካካሻ ትምህርት በኩል ብዙ ተማሪዎችን ለመቀበል ተገደዋል። ከእነዚህ መካከል አንዱን ከወደቀበት አንሥቶ ለምረቃ ያበቃ ተቋም፣ አስቀድሞ የበረታውን ተቀብሎ እንደ በረታ ካስመረቀው ይልቅ ብዙ ደክሟል፤ ድካሙ ግን በማለፊያው ቍጥር ውስጥ ከቶ አይታይም።

ሳትጨርስ ወደ ቤቷ የምትመለሰውን ተማሪ በስንብቷ ቀን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ክሊራንስ የሚባለውን ቅጽ ይዛ ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ማደሪያው ፕሮክተር፣ ከፕሮክተሩ ወደ ካፌው፣ ከካፌውም ወደ ሬጅስትራሩ መስኮት ትመላለሳለች፤ የተዋሰችው መጽሐፍ መመለሱ፣ የተረከበችው ፍራሽና ቁልፍ መቈጠሩ፣ የምግብ ካርዷም መሰብሰቡ በፊርማና በማኅተም ይረጋገጣል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ ከብዷት እንደ ሆነ፣ ታማ እንደ ሆነ፣ ወይም አባቷ የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥቶ እንደ ሆነ የሚጻፍበት መስመር ግን በቅጹ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም። ለፍራሽ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ጽሕፈት ቤት ለልጅቱ አንዲት ጥያቄ መንፈጉ ያስገርማል።

የቀደሙት ሊቃውንት ሚዛን ሌላ ነበር። በቅኔ ቤት የኔታ ደቀ መዝሙሩን የሚመዝኑት የሌላውን ቅኔ በቃል በመያዙ ሳይሆን ከራሱ አዲስ ቅኔ በመቍጠሩ ሲሆን፣ ድጓ የሚያስመሰክረውም ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ በሊቃውንቱ ፊት እስኪበቃ ድረስ ይቈያል እንጂ መንፈቀ ዓመቱ አለቀ ተብሎ አይሰናበትም። ነገር ግን ያለፈውን በማወደስ ብቻ እውነቱን መሸፈን አይገባም፤ በረኀብና በበሽታ ከመንገድ የቀረውን የቆሎ ተማሪ በዚያም ዘመን የቈጠረው አልነበረም።

የገቡትን መቍጠር ግን ይቻላል፤ አሜሪካውያን እንደ አቆጣጠራቸው በ1990 ባወጡት ሕግ፣ ኮሌጆቻቸው በአንድ ዓመት አብረው ከገቡት መካከል ስንቱ እንደ ጨረሱ እንዲገልጹ አስገድደዋል፤ ለአራት ዓመቱ ትምህርት እስከ ስድስት ዓመት ይታሰባል። ስሌቱ ወደ ሌላ ኮሌጅ ተዛውሮ የተመረቀውን እንዳልጨረሰ አድርጎ በመቍጠሩ ሲነቀፍ ኖሯል፤ ቢሆንም ቍጥሩ የሚጀምረው ከመግቢያው ነው። እኛም ብንከተለው፣ የሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ግቢ ያዘጉባቸውንና ያለ ጥፋታቸው የዘገዩትን ተማሪዎች ዕድሜ በትክክል እያሰብን መሆን ይገባዋል።

ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም፤ የእያንዳንዱ ተማሪ የገባበት ዓመተ ምሕረትና የተሰናበተበት ቀን በየሬጅስትራሩ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር በሚቀጥለው ጊዜ የመውጫ ፈተናውን ውጤት ሲያስታውቅ፣ ከእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ስም አንጻር ካለፉት ቍጥር ጐን አብረዋቸው የገቡትን ቍጥርም እንዲያሰፍር፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን ከመላካቸው በፊት ይህን ቍጥር እንዲጠይቁ አሳስባለሁ።