ሆሄንሃይም ማረሻም ሸጧል

ከደባርቅና ከዳባት ድንች ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወርድ ነጋዴ ጭነቱ ከጀርመን አገር ጋር ዝምድና እንዳለው ላያስብ ይችላል። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባ የሚነገርለት ሺምፐር ከደጃዝማች ውቤ ዘመን ጀምሮ በሰሜንና በትግራይ የኖረ ዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። መጀመሪያ የላከው ማኅበር መቀመጫ ኤስሊንገን፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ነው። የሆሄንሃይም የእርሻ ዩኒቨርሲቲም እዚያው አቅራቢያ ይገኛል።

ሆሄንሃይምን የወለደው ረሃብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 በኢንዶኔዢያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ሰማዩን ጋርዶ በተከታዩ ዓመት የአውሮፓ ሰብል ሳይበስል ቀረ። የቩርተምበርግ ሕዝብ ተራበ፤ ብዙውም ተሰደደ። ንጉሥ ቪልሄልም ቀዳማዊ በ1818 በአንድ የመስፍን ቤተ መንግሥት ውስጥ የእርሻ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ሌላው ነው፦ በዚያው ዓመት በካንሽታት የእርሻ ባዛር ተጀመረ፤ ንግሥት ካታሪና የቁጠባ ባንክ አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ራሱም ብዙ ሳይቆይ ማረሻ እየሠራ መሸጥ ያዘ። ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ስሙ ቆይቶ፣ ሸቀጡ ቀድሞ መጣ ማለት ነው።

በእኛ አገር በኦክላሆማ እርዳታ የተቋቋመው ዓለማያ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን አንድ ላይ ይዞ ነበር የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤክስቴንሽኑ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሲዛወር ኮሌጁና ገበሬው ተራራቁ።

አሁን ተራው ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው የደባርቅ ነው። ከዲግሪው ጎን ገበያተኛው የሚያውቀው አንድ ሸቀጥ ቢኖረው ንጹሕ የዘር ድንች ይሁን። ገበሬው ትልቅ ትልቁን ሸጦ ትንንሹን ለዘር ያስቀራል፤ በሽታውም ከዘሩ ጋር ይከርማል፤ ምርቱ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። ደጋው ቀዝቃዛ በመሆኑ ለዘር ብዜት የተመቸ ነው። ብርሃን የሚገባው የዘር መጋዘንም ከእንጨት ስለሚሠራ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። የጎንደር ድንች ነጋዴዎችስ ዘሩ ሳይዘራ ተዋውለው ቀብድ ቢከፍሉ ምን ይጎዳሉ? ለደላላ የሚከፍሉትን እያሰቡ ቢያሰሉት ይሻላል።