በቃል ያለ ሁሉ ይረሳልን?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት ከአባቶች የተላለፈ፥ በዘመኑም እውነት የነበረ ነው። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚይዘው ዕቃ አልነበረምና፥ ጠባቂዎቹ ብራናና ቀለም ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን ይህን ተረት እንደ ጋሻ ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። በሬዲዮ የተነገረውንና በቴፕ የተቀዳውን የደራስያን፥ የጠቢባንና የሕዝብ መካሮች ቃለ ምልልስ «አንድ ጊዜ በወረቀት ከተገለበጠ በኋላ ቴፑ ቦታ ከመያዝና ገንዘብ ከመፍጀት በቀር ምን ይረባል?» ይላሉ። ነገሩ ቁጠባ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ምስክሩን አስወግዶ የቃሉን ግልባጭ ብቻ እንደ መያዝ ነው።

እነዚህ ሰዎች ፊደል የማይዘው ነገር እንዳለ ዘንግተዋል። «ይመታል» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ አንድ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ግን መቺውን፥ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺውን ይናገራል። የንባብ ቤት ተማሪም መላላትንና መጥበቅን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል እንጂ ከብራናው አያገኘውም። እንግዲህ መቺና ተመቺ እንኳ የሚለዩት በድምፅ ከሆነ፥ ኀዘንና ዘበት፥ እምነትና ጥርጥር በወረቀት ብቻ እንዴት ይለያሉ?

ለዚህ ነገር ታላቅ ማስረጃ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ይገኛል። ስተድዝ ተርክል የሚባል ሰው ሕግ ተምሮ በ1934 (ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ተመረቀ፤ ዳሩ ግን በጥብቅና አልሠራበትም። የዘር አድልዎን በሚቃወሙ ማመልከቻዎች ላይ ስለ ፈረመና «ተታልዬ ነው» ብሎ ለመካድ እምቢ ስላለ፥ ኮሙኒስት በሚፈራበት በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ሥራውን አጣ። ከዚህም በኋላ ከ1952 እስከ 1997 ድረስ፥ አርባ አምስት ዓመት፥ ደብሊው ኤፍ ኤም ቲ በሚባለው የሬዲዮ ጣቢያ ሰውን ሲጠይቅና ሲያዳምጥ ኖረ። ከእርሱም ዘንድ 5,600 ያህል የተቀዳ ዝግጅት ተረፈ።

በ1961 ጥቁሩ ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን ከእርሱ ጋር በተነጋገረ ጊዜ፥ ነገሩ የተጀመረው በቤሲ ስሚዝ ሸክላ ነበር። ሸክላው ከተሰማ በኋላ ቦልድዊን ወደ ስዊስ ተራራ ሄዶ መጽሐፍ ሲጽፍ የዚህችን ዘፋኝ ሸክላ ይዞ እንደ ሄደ ተናገረ። ይህ ቃለ ምልልስ በመጽሐፍ ታትሟል። ነገር ግን ወረቀቱ «እዚህ ላይ ዘፈን ተሰማ» ከማለት በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? ጥያቄው ዘፈኑ ሆኖ ሳለ፥ ወረቀት የያዘው መልሱን ብቻ ነው።

ተውኔት ጸሐፊዋ ሎሬን ሃንስበሪ በ1959 ተርክልን ባነጋገረች ጊዜ ወጣት ነበረች፤ በ1965 በሠላሳ አራት ዓመቷ ዐረፈች። ተውኔቷን ሌሎች ሰዎች በየመድረኩ ይናገሩታል፤ የራሷን አፍ የሚሰማ ግን ወደ ቴፑ ይሄዳል። ደግሞ በ1963 ነሐሴ ወር ስለ ሥራና ስለ ነጻነት ወደ ዋሽንግተን ሰልፍ የሚሄዱ ሰዎች በቺካጎ ባቡር ሲሳፈሩ፥ ተርክል አብሯቸው ተሳፍሮ ንግግራቸውን ቀዳ። የሰልፉን መሪዎች ታሪክ ጽፎላቸዋል፤ የተሳፋሪውን ቃል ግን ማን ይጽፍለት ነበር?

ተከራካሪዎቹ ግን «ተርክል ራሱ ዝናን ያገኘ ከቴፕ ገልብጦ ባዘጋጃቸው መጻሕፍት አይደለምን? የፑሊትዘርንስ ሽልማት በ1985 ያገኘ በመጽሐፍ አይደለምን?» ይላሉ። እውነት ነው። ዳሩ ግን መጻሕፍቱን ሲያዘጋጅ የሰዎቹን ንግግር ያሳጥር፥ ያቀናብር፥ የራሱንም ጥያቄ አብዛኛውን ያወጣ ነበር። ይህ የደራሲ መብቱ ነው። ነገር ግን የተቈረጠው ምን እንደ ሆነ፥ ጥያቄውም መልሱን ጐትቶት እንደ ሆነ የሚፈርድ ቴፑ ነው። ስለዚህ ቴፕ የመጽሐፍ ረቂቅ አይደለም፤ ዳኛው ነው እንጂ። ዳኛውን አጥፍቶ «ፍርዱ ትክክል ነበር» ማለት ከቶ አይቻልም።

ስለ ወጪ የሚያነሡትም ክርክር ዋጋው ታይቷል። የእንግሊዝ ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ቴፕ ውድ ነበርና በብዙ ዝግጅት ላይ ሌላ ቀዳበት፤ በ1969 ሰው ጨረቃን በረገጠበት ሌሊት ከራሱ ስቱዲዮ ያስተላለፈው እንኳ ዛሬ የለም። የዳነው የቴፕ ዋጋ ተረስቷል፤ የጠፋው ግን በምንም ዋጋ አይገዛም። ዝም ብሎ ማስቀመጥም ማዳን አይደለም፤ ቴፕ ሲያረጅ ሙጫው ይለቃል፥ ድምፁን የያዘው ዱቄት ይረግፋል፥ ማጫወቻውም ይታጣል። በቺካጎ ግን ይህ ታስቦ፥ የከተማይቱ የታሪክ ሙዚየም ከአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ጋር በ2010 ተስማምቶ ድምፁ ወደ ዲጂታል እንዲገለበጥ ሆነ፤ በ2018ም ለሚሰማው ሁሉ ተከፈተ።

የኢትዮጵያም ሰው የድምፅን ኃይል ያውቃል። በ1958 ዓመተ ምሕረት የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊደል ላልቈጠረው ሕዝብ የደረሰው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ነው። መጽሐፉ ከመደርደሪያ ሳይነሣ ድምፁ ወደ ጎጆው ገባ። ታዲያ ይህን የሰማ ሕዝብ «ድምፅ ነፋስ ነው» ሲባል እንዴት ያምናል?

እንግዲህ ተረቱ ይታረም። በቃል ያለ ይረሳ የነበረው መያዣ ስላልነበረው ነው፤ ዛሬ መያዣው ተገኝቶ ሳለ ቢረሳ ግን ጥፋቱ የቃል አይደለም፥ የጠባቂው ነው። ቴፕ በእጁ ያለ ሁሉ ሳይቈርጥ ያስገልብጥ፥ ሳይሰስትም ያሰማ። ያለዚያ ልጆቹ መቺውን ከተመቺው ሳይለዩ ያነባሉ።