አደራ ተቀባይና አደራ በል

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክት፥ በምዕራፍ 1 ቁጥር 12 ላይ፥ ጌታ አበርትቶት፥ እንደ ታማኝም ቈጥሮት፥ ለአገልግሎት ስላቆመው ምስጋና ያቀርባል። ይህች ቁጥር በየጉባኤያችን እጅግ የተወደደች ናት፤ ሹመት የተቀበለ ሁሉ ይጠቅሳታል። ዳሩ ግን አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ቁጥር 13ን የሚያነብ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። በዚያ ሐዋርያው፥ የተሾመው ሰው ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ሳያፍር ይናገራል፤ ይኸውም ተሳዳቢ፥ አሳዳጅና ግፈኛ ነበር።

ይህን መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ከሽማግሌዎች አንዱ ሆኜ በተቀመጥሁበት ስብሰባ ሁለት ጉዳይ ቀርቦልን ነበር። አንደኛው፥ ቀድሞ አረቄ በመሸጥ ትኖር የነበረች፥ አሁን ግን ጌታን የምታገለግል አንዲት ሴት፥ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ፊደል ላስተምር ብላ ያቀረበችው ልመና ነው። ሁለተኛው የምጽዋቱ ሣጥን ቁልፍ ለማን ይሰጥ የሚለው ነው። ሴቲቱን፥ የቀድሞ ኑሮዋ በሰፈሩ ይታወቃል፥ ጥቂት ትቈይ አልናት። ቁልፉን ግን ንግግሩ ለጣፈጠ፥ አለባበሱም ላማረ አንድ ሰው ሰጠነው። ለሁለቱም ነገር እጄን አንሥቻለሁ። ዓመት ሳይሞላ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ሲጠየቅ፥ «የሾመኝ እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ሊመረምረኝ አይችልም» ብሎ መለሰ፤ ከሽማግሌዎቹም ዝም ያሉ ነበሩ።

በዚያ ቀን ስሕተታችን አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ሁለት ነው። በአንድ በኩል፥ እግዚአብሔር ሰውን የሚያበረታው ቀድሞ ብርቱ ሆኖ ሲያገኘው ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ ንጹሕ ታሪክ፥ ጥሩ ቤተ ሰብ፥ ያማረ ልብስ እንፈልጋለን። እንዲህ ከሆነማ ማበርታት ምን ያስፈልጋል? የኢየሩሳሌም ምእመናንም ጳውሎስን ፈርተው ነበር፤ በርናባስ እጁን ይዞ ባያስገባው ኖሮ እንደዚያች ሴት ጥቂት ቈይ ይሉት ነበር።

ምስክር ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገንም። ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ፥ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ፥ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። በዚያ ከነበሩት ከስዊድን ሚሲዮናውያን ተምሮ በ1872 ተጠመቀ፤ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ)። ስዊድን አገር ተምሮ በ1881 ሲመለስ በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ ሊደርስ ሞከረ፤ በሽታና የመንገድ መዘጋት መለሱት። በ1886 እንጦጦ ደረሰ፤ ከዚያም እንዲመለስ ሆነ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ይህ 23 ዓመት ነው! ዛሬ ኃይል ተቀበልሁ የሚለው ወንድማችን ለ23 ቀን እንኳ በር ቢዘጋበት፥ ሌላ ጉባኤ ይመሠርታል።

በነዚያ ዓመታት ኦነሲሞስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ። አዲስ ኪዳኑ በ1893 በእምኩሉ፥ መላው መጽሐፍ በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። ነገር ግን ከወገኑ በልጅነቱ ስለ ተነጠቀ የቋንቋው ቃላት ይጐድሉት ነበር። የጐደለውን የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት፤ እርሷም ከባርነት ነጻ የወጣች ሴት ናት። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ለኦነሲሞስ የተሰጠው ኃይል በከፊል በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ተቀምጦ ቈየው። እኔ ግን በዚያ ስብሰባ እንዲህ ያለችውን ሴት «ጥቂት ትቈይ» ብያለሁ።

ወደ ሁለተኛው ስሕተት ልመለስ። ያ ሰው «ሰው ሊመረምረኝ አይችልም» ሲል አደራን ርስት አደረገው። ርስትን ባለቤቱ እንደ ወደደ ያደርገዋል፤ አደራ ግን ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ጠያቂም አለው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ የሚያስፈራ ነገር መናገራቸው ነው። ጳውሎስ ራሱ በኢየሩሳሌም ላሉት ድኾች ገንዘብ በተሰበሰበ ጊዜ ብቻውን ተሸክሞ አልሄደም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲጓዝ አደረገ፤ ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ ማንም እንዳይነቅፈን ብዬ ነው አለ። ይህ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 8 ይገኛል። ከደማስቆ መንገድ የተጠራው ሐዋርያ ሒሳቡን በሰው ፊት ካስመሰከረ፥ የእኛ ሹም በምን ይበልጠዋል?

አንዳንዶች ይህን መናገር የቤተ ክርስቲያንን ገመና መግለጥ ነው ይሉኛል። ገመናውን የገለጠው ሣጥኑን ባዶ ያደረገው ነው እንጂ ባዶ ነው ያለው አይደለም። ደግሞም የሣጥኑ ገንዘብ የእኛ አልነበረም፤ ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጡት እነዚያው ማንበብ የማይችሉ እናቶች ናቸው።

ሴቲቱ ከዚያ ወዲህ ፈቃዳችንን አልጠበቀችም። በግቢዋ ጥላ ሥር ፊደል ገበታ ሰቅላ ታስተምራለች። ባለፈው ወር ሄጄ አየኋት፤ አንዲት አሮጊት ጣታቸውን እየሳቡ ስማቸውን አነበቡ። እኔን ባየች ጊዜ ተነሥታ ወንበር አቀረበችልኝ፤ ስለዚያ ስብሰባም አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኔ በተማሪ ፊት አርባ ዓመት የቆምሁ ሰው በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ከበደኝ።

በሚመጣው ስብሰባ ሁለት ነገር አቀርባለሁ፤ ለእርሷ የማስተማሪያ ክፍል እንዲሰጣት፥ የሣጥኑም ሒሳብ በየሦስት ወሩ በምእመናን ፊት እንዲነበብ። እጁን ለማንሣት የሚፈራ ቢኖር የእኔን ቀድሞ ያያል።