ችግኙንስ ማንም ይተክለዋል

ዓመት ሲገባደድ የምንሰማው ዜማ አንድ ነው። የቀበሌው ምክር ቤት አባል ወረቀቱን ዘርግቶ የዓመቱን አገልግሎት ያስታውሳል፦ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ታደሰ፣ ለበዓል ማዕድ ተጋራ፣ ቦይ ተጠረገ። ጭብጨባ ይከተላል። ጅማም ሆነ አጋሮ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይም ሆነ ታች አዌቱ ዳር፣ ቁጥሩ ይለያይ እንደሆነ እንጂ ቃሉ አይለያይም።

ሥራው መልካም ነው፤ ማን ይጠላዋል? የድሃ አሮጊት ጣራ ማፍሰሱን ያስቆመ ሰው ምርቃት እንጂ ነቀፋ አይገባውም። ጠቤ ከስሙ ጋር ነው። ችግኝ የተማሪ ቤት ልጅም ይተክለዋል። ጣራ እድርም ያለብሳል። ደቦን ደግሞ ጅማ ከማንም ምክር ቤት አልተማረውም፤ ገበሬው ቡናውን ሲለቅም፣ ጎጆውን ሲያቆም ጎረቤቱን ሲጠራ ኖሯል። ምክር ቤት ያስፈለገን እድርና ደቦ ሊሠሩት የማይችሉት አንድ ሥራ ስላለ ነው። እሱም መጠየቅ ይባላል። የመሬት ጉዳይ ሹሙ ባለጉዳዩን ለምን ያመላልሳል? በየበሩ የተሰበሰበው መዋጮ የት ገባ? የቀበሌው ቤት ለማን፣ በምን ተራ ተሰጠ? ይህን የማይጠይቅ ተመራጭ ደግ ጎረቤት ነው፤ ተባረክ እንለዋለን። ወኪላችን ግን አይደለም።

ነገሩ ሥር አለው። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ እስከ ዛሬ የቆመው አባ ጅፋር ዳግማዊ ጅማን ያስተዳደሩት በአባ ቆሮዎች፣ ከእነሱም በታች በአባ ገንዳዎች ነበር። አባ ገንዳው ሰፈሩን ያስታርቃል፤ ሲታዘዝም ሰውን ለሥራ ይጠራል። ትእዛዝ ከኮረብታው ይወርዳል፤ ግብርና ጉልበት ወደ ኮረብታው ይወጣል። ይህ የንጉሥ ሥርዓት ነውና ማንም ወኪሌ ነው ብሎ አልተታለለም።

በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አድርጎ ነዋሪውን በቀበሌ ማኅበር አደራጀው። አነስተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች ቀበሌው ያዘ፤ ትንንሹን ክርክር የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዳኘ። ሥልጣን በእውነት ደጃፋችን የደረሰ መሰለ። ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጥበቃው ጠመንጃ አነገበ፤ በ1969 እና በ1970 በብዙ ከተማ ቀበሌ ማለት የሰው ልጅ የሚታሰርበት፣ ገብቶም የሚቀርበት ግቢ ሆነ። ሰፈሩን ያገለግላል የተባለው ቤት ሰፈሩን መጠበቂያ ማማ ሆኖ አረፈው።

ከዚያስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ አለ፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሣው እንደሚችል ደነገገ። በሚያዝያ 2000 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት ወንበር እስከ 300 ደረሰ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ወንበሩ ከሦስት ሚሊዮን አለፈ። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ያዙት። ሦስት መቶ አፍ፣ አንድ ድምፅ! በ2005 እንደገና ተመረጠ። የምርጫ ዘመኑ አምስት ዓመት ነበርና ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ። በ2013 አገራዊው ምርጫ ሲካሄድም ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ምክር ቤቶች በቀር የአካባቢ ምርጫ አልነበረም። እንግዲህ የዓመት አገልግሎቱን የሚተርክልን ሰው ትረካውን ከችግኙ ባይጀምር ደስ ባለን። መጀመሪያ ወንበሩን ማን እንደሰጠው፣ መቼ እንደሰጠው ይንገረን።

«ሰው የቸገረው ጣራ እንጂ ጥያቄ አይደለም» የሚሉ አሉ። «ተመራጩ ደመወዝ የለው፣ የራሱ ሱቅ፣ የራሱ ማሳ አለው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጉበታላችሁ?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ሰውየው ይደክማል። ነገር ግን ጣራው ለምን ያፈስ እንደነበር የሚጠይቅ ከሌለ በሚመጣው ክረምት ሌላ ጣራ ያፈሳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። የሚያገለግለው እጅና መዋጮ የሚሰበስበው እጅ አንድ ሲሆን፣ ያው እጅ መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤም ሲይዝ፣ በጎ ፈቃድ የሚለው ቃል ትርጉሙን ያጣል። ነገ ማኅተም የሚለምን ሰው ዛሬ መዋጮውን እምቢ ሊል አይችልም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ የሰፈሩ ባለቤት ነዋሪው ነው፣ አጥሩ ደግሞ ምክር ቤቱ ነበር።

ስለዚህ የዓመቱ ትዝታ ይቅረብ፤ ግን ሌላ ትዝታ ይሁን። ምክር ቤቱ በዓመት ስንቴ ተሰበሰበ? ከቀረበለት ዕቅድ የትኛውን አልቀበልም አለ? የማንን አቤቱታ ይዞ የወረዳውን በር አንኳኳ፣ ምን መልስስ አመጣ? የተሰበሰበው ገንዘብ ደረሰኙ የት ነው? አንድ «እምቢ» ያለበት ዓመት ሺህ ችግኝ ከተተከለበት ዓመት ይልቅ ለሰፈሩ ጥላ ይሆናል።

ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ጎብኚ ሄዶ አባቶቻችን እንዴት ይገዙ እንደነበር ያያል። ያ ቤት ሙዚየም ቢሆን ያምርበታል። የቀበሌው ምክር ቤት ግን ገና በቁሙ ሙዚየም እንዲሆን አንፍቀድ።