ሲተባበሩ ባለቤቱ ይታወቅ



ይህን አጭር አስተያየቴን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ድኾችን ስለ መርዳት ስብሰባ በተደረገ ቁጥር «ቅንጅት» የሚለው ቃል ከሁሉ አስቀድሞ ይነሣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፣ መተባበር መልካም መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ብዙ መሥሪያ ቤቶች ስለ ተስማሙ ብቻ ድኻው ተጠቀመ ማለት አይደለም። እኔ በጋምቤላ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆኔ፣ ከክልላችን ሁለት ምሳሌ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው የኢታንግ ውሃ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በተርኪዲና በኩሌ ሲሠፍር ውሃ የሚታደለው በቦቴ ነበር። ለቦቴ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ሲሆን፣ ካለቀ በኋላ የሚቀር ሥራ አልነበረም። በኋላ የክልሉ ውሃ ቢሮ፣ ዩኒሴፍ፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና ሌሎችም ተባብረው፣ የከተማው ነዋሪና ስደተኛው ከአንድ መሥመር የሚጠጡበት ቧንቧ ተዘረጋ። ከቧንቧው ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ግን ሥራውን የሚመራ፣ ሒሳብ የሚሰበስብና የተበላሸውን የሚጠግን የአገር ውስጥ የውሃ አገልግሎት እንዲቋቋም መደረጉ ነው። ውሃው ቢቋረጥ ሕዝቡ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል።

ሁለተኛው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ይህ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ጋምቤላ አንዷ ነበረች። የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ መንግሥታችን 150 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። መሥራት የሚችል ድኻ ከተማ እያጸዳና ችግኝ እየተከለ ደመወዝ ይቀበላል፤ ከደመወዙም ከመቶ 20 ይቆጥባል። መሥራት የማይችለው ሽማግሌና አካለ ስንኩል ያለ ሥራ ይረዳል። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ሁለተኛው ምዕራፍም ብዙ ከተሞችን ጨመረ።

እንግዲህ ጥያቄው ሰውየው ከፕሮግራሙ ሲወጣ ይመጣል። የሴፍቲኔት ጽሕፈት ቤት አካፋና መጥረጊያ ይሰጣል እንጂ የመሸጫ ቦታ አይሰጥም። ቦታው በማዘጋጃ ቤት፣ ፈቃዱ በንግድ ቢሮ፣ ሥልጠናው በሙያ ኮሌጅ፣ ብድሩ በአነስተኛ የገንዘብ ተቋም እጅ ነው። ከነዚህ አንዱ «ነገ ተመለስ» ቢል፣ ድኻው ከጉሮሮው ቀንሶ የቆጠበውን እየበላ ይጠብቃል። ጥፋቱ የማን ነው ቢባል ግን ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ያመለክታል።

ስለዚህ ስምምነት የሚፈራረሙ መሥሪያ ቤቶች ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲያኖሩ አሳስባለሁ። ይኸውም ማን ምን እንደሚሠራና በስንት ቀን እንደሚጨርስ፤ አቤቱታ የሚቀበለው አንድ ባለቤት ማን እንደ ሆነ፤ የውጭ ርዳታ ሲቋረጥ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ነው። አቤቱታውም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአኙዋና በኑዌር ቋንቋም ይደመጥ።

ሦስተኛውን ነገር በከንቱ አላነሣሁትም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በብዙ በቀነሰ ጊዜ የስደተኞች ድርጅቶች በጀት ጎደለ። የውሃ ሞተር ደግሞ በፊርማ አይዞርም፤ ነዳጅና መለዋወጫ ይፈልጋል። ርዳታ ሰጪው እንግዳ ነው፤ አንድ ቀን ይሄዳል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ከድኻው ጋር እዚሁ እንቀራለንና፣ እንግዳው ሳይሄድ ባለቤት መሆንን እንልመድ።

አክባሪዎ፤
አንድ የጋዜጣዎ አንባቢ፣ ከጋምቤላ