‹‹በሞቴ›› የማይገባው ዓሣ

እኛ ሰው ስንወድ እናበላለን። ‹‹እወድሃለሁ›› ማለት የሚተናነቀን ሰዎች ‹‹በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!›› ለማለት ግን የሚቀድመን የለም። እንግዳው ‹‹ጠግቤያለሁ›› ሲል ደግሞ አናምነውም። ይሉኝታ ይዞት ነው እንላለን፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እንጨምርለታለን። ሰውየው የምሩን ጠግቦ፣ ወይም ጨጓራውን አሞት ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህንኑ ባህል ይዘን ነው እንግዲህ ዓሣ ማሳደግ የገባነው (አከራይ ውሻና ድመት የከለከለው ትውልድ ሌላ ምን ያሳድግ?)። ጎልድፊሽ የያዙ ጓደኞቻችን ሐሳብ የላቸውም። የእነሱ ዓሣ የተሰጠውን ሁሉ ይበላል፣ ይጨምራል። አስቸጋሪው ቤታ የሚባለው ነው፤ ያ ክንፉ እንደ ቬሎ የሚንዘረፈፈው፣ ሌላ ወንድ ቤታ ካየ ጉንጩን ነፍቶ ለድብድብ የሚነሳው። እኛ ቤት ያለውን ‹‹ፊታውራሪ›› ያልነውም ለዚሁ ነው። ምግብ ሲቀርብለት መጥቶ ያያል፣ ይገመግማል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። አንዳንዴም ጎረስ አድርጎ እንትፍ ይላል። ይህን ያየ ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ ‹‹ወይኔ፣ ቅምጥል!››

በዚህ ፍርድ አንስማማም። ቤታ የሚባል ዓሣ ሁሉ ቅምጥል ነው የሚባልበት ምክንያት ሲመረመር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ያልተሰማ አቤቱታ ነው።

መጀመሪያ ማንነቱን እንወቅ። አገሩ ታይላንድ ነው። ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም እ.ኤ.አ. በ1910 ያወጣለት ቻርልስ ቴት ሬገን የተባለ እንግሊዛዊ የዓሣ ተመራማሪ ነበር። ታይላንድ ደግሞ በ2019 ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋ ሰይማዋለች። ከዚህ ክብር በፊት ግን ለረጅም ዘመን ሰው ቁማር እየያዘ የሚያዋጋው ዓሣ ነበር። የሚኖረው በሩዝ ማሳና በረግረግ፣ ጥልቀት በሌለው፣ ሞቅ ባለና ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ነው። ምግቡ የቢምቢ እጭ፣ ውሃ ላይ የወደቀ ነፍሳትና በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ናቸው። አፉ ወደ ላይ ያቀናው ለዚህ ነው፤ ከውሃው ገጽ ላይ ለቀም ሊያደርግ። ባጭሩ ሥጋ በል አዳኝ ነው።

ታዲያ ለዚህ አዳኝ የዳቦ ፍርፋሪ በትኖ ‹‹ለምን አልበላህም?›› ማለት ለአንበሳ ጎመን አቅርቦ እንደ መገረም ነው። ‹‹ምንም አይመርጥም፣ ዳቦም ይበላል›› ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ገጥሞናል። እንጀራ የሚሰጡም አሉ። (የጾም ሰሞን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአዋቂዎች እንተወውና፣ ዓሣው ራሱ ግን ጾመኛ ሆኖ በአትክልት ሊኖር አይችልም።) የሚበላ ነገር ከውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ትንንሽ የቤታ እንክብል፣ የደረቀ ወይም በበረዶ የተያዘ ዳፍኒያና አርቴሚያ፣ አልፎ አልፎም ያ ቀይ ትል የመሰለው እጭ ነው። እንክብሉም ቢሆን ክዳኑ ከተከፈተ ብዙ ወር ከሆነው ሽታውም ጥቅሙም አይኖርም። ያረጀ ሽሮ እኛስ እንበላለን?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ብርድ!

የዓሣ ሰውነት ሙቀት የሚወሰነው በውሃው ነው። ቤታ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ውሃ ነው። ባንኮክ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ያላለች፣ ዓመቱን ሙሉ የምታልብ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ 10 ዲግሪ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ማሞቂያ የሌለው ብርሌ የሚያክል ዕቃ በማለዳ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ቴርሞሜትር ከትቶ ማየት ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የዓሣው የምግብ መፈጨት ይዘገያል፤ የትናንቱ ሆዱ ውስጥ ሳለ የዛሬው ሲመጣ አይፈልገውም። ይህን ነው ‹‹ቅምጥል›› የምንለው! ሰው ብርድ መትቶት ጋቢ ተከናንቦ ሲተኛ ‹‹ምግብ መረጠ›› አይባልም።

ስለዚህ የምግብ ዓይነት እያፈራረቁ ከመጨነቅ በፊት ሂተርና ቴርሞሜትር መግዛት ይቀድማል፤ የውሃውም መጠን ከጠርሙስ ይብለጥ። ልምድ ያላቸው አርቢዎች 20 ሊትር ገደማ ይመክራሉ፤ ብዙ ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ቶሎም አይበላሽም። መብራት ሲሄድስ? ገንዳውን በጋቢ መጠቅለል ነው። አፉን ግን አትድፈኑት። ቤታ ከውሃው በተጨማሪ ብቅ እያለ ከላይ ያለውን አየር የሚስብ ዓሣ ነው።

እዚህ ላይ የሚመጣው ተቃውሞ አይጠፋንም። ‹‹ሰው በሚራብበት አገር ስለ ዓሣ የምግብ ፍላጎት ትጽፋላችሁ?›› ጥያቄው ከባድ ነው፣ አንስቅበትም። ግን ለተራበ ሰው የሚደርሰው ነገር ዓሣን በብርድ በመግደል አይጨምርም። ደግሞም ይህ ዓሣ ወደ እኛ አልመጣም፤ ገንዘብ ከፍለን ያመጣነው እኛ ነን። ጎዳና ላይ ያለ ድመት አንዱ ቤት ቢከለክለው ሌላው ቤት ይሄዳል። እሱ የት ይሄዳል? ውሃው ቢቀዘቅዝ፣ ቢቆሽሽ፣ ምግቡ ቢሻግት፣ ያለው መናገሪያ አንድ ብቻ ነው፤ አለመብላት። ያንን አንድ ቃል ‹‹ቅብጠት›› ብለን ከተረጎምነው ሌላ ምን ቀረው?

ከቃሉ ይልቅ የሚያስፈራን ደግሞ መድኃኒቱ ነው። ዓሣው አልበላ ሲል ምግብ ይጨመራል! ያልተበላው ወደ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፣ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይፈጠራል፣ አሞኒያው የዓሣውን ስንጥብ ይለበልበዋል፣ ዓሣው ይብስበትና ጭራሽ ይተዋል፣ ‹‹በሞቴ›› ባዩ ደግሞ ይጨምራል። እዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚሞተው ግን ‹‹በሞቴ›› ያለው ሰው አይደለም።

ለአዋቂ ቤታ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ሁለት ሦስት ትንንሽ እንክብል ይበቃዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ያልበላውን ማውጣት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ጭራሽ የማይሰጡ አርቢዎች ብዙ ናቸው (ረቡዕም ዓርብም ማድረግ ግን አያስፈልግም)። ጎርሶ የሚተፋ ሲሆን ቶሎ አትፍረዱበት፤ እንክብሉ በዝቶበት ወይም ደርቆበት ነው። በጥፍር ለሁለት ከፍላችሁ፣ በማንኪያ ውሃ ውስጥ ትንሽ አለስልሳችሁ ስጡት። አዲስ የመጣ ዓሣ ደግሞ ለቀናት አለመብላቱ የተለመደ ነው፤ እንግዳ ነውና ቤቱን ይልመድ። ክንፉን አጣብቆ ከታች ከተኛ፣ ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ ከቆመ ግን ጉዳዩ ከምግብ ያለፈ በሽታ ነው።

የቢምቢ እጭ ራሳችን እናርባለት ለምትሉ ቀናተኞች፣ እባካችሁ ተዉት። ከአዲስ አበባ ወንዞች መጨለፍማ ከነጭራሹ አይታሰብ፤ ከእጩ ጋር ምን እንደሚመጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ባልዲ ውሃ አጠራቅሞ ማርባትም ቢሆን፣ ዓሣው ያልበላው እጭ ክንፍ አውጥቶ ጎረቤት ይበላል።

ጎረቤት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር። ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ጤነኛ አዋቂ ቤታ ሳይበላ ጥቂት ቀናት፣ ሳምንትም ቢሆን ይቆያል፤ ውሃው ንጹሕና ሙቅ ይሁን እንጂ። ይህን ለእትዬ ጎረቤታችን ማስረዳት ግን አልተቻለም። ‹‹ኧረ ልጆቼ፣ በረሃብ ልትፈጁት ነው! ቁልፉን ስጡኝ›› አሉ። ሰጠናቸው፤ እምቢ ማለት ነውር ነዋ። የምግቡን ቆርቆሮ ግን ይዘነው ሄድን።